አባቴ ያለ መስቀል የወጡት ኮረብታ

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ ገደሉ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ያለች የገጠር ደብር ዕድሜ ልካቸውን አገልግለዋል። እኔ ከልጆቻቸው የመጨረሻዋ ነኝ። ደባርቅ ከተማ አስተማሪ ስለነበርሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እስከ መገንጠያው እመጣና ቀሪውን በእግሬ ወርጄ እነሱ ዘንድ አድር ነበር። ይህ ነገር የተጀመረው እዚያው እያለሁ ነው።

ከደብራችን በታች፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አንዲት ኮረብታ አለች። ሥሯ ላይ ድሮ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበር። እኛ የምንጠራቸው ስም ሌላ ነበር፤ ዛሬ አልጽፈውም። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ የሚያርሱት መሬት ግን የኛ ሰዎች ነበር። የሃይማኖት አባታቸውን እነሱም እንደኛ ቄስ ነው የሚሉት። መነኮሶቻቸውና ቄሶቻቸው የተቀበሩት ኮረብታዋ ጫፍ ላይ ነው። ዙሪያዋን በደንጊያ ካብ ከበዋት፣ በዓመት አንድ ቀን ጾመው፣ ነጭ ለብሰው እየወጡ ይጸልዩባት እንደነበር አባቴ ነግረውኛል።

እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው ወደ እስራኤል ሄደው ያለቁት። የማስታውሰው አንዲት ሸክላ ሠሪ ደጃችን ቆማ ገንቦ ስትሸጥ ነው። እናቴ ገንቦውን ከእጇ አልተቀበለችም። ሴትዮዋ መሬት አስቀመጠችውና ራቅ ብላ ቆመች፤ ከዚያ እናቴ አነሣችው። ብሩንም እንዲሁ መሬት ላይ ነው ያኖረችላት። እናቴ የምትፈራው ዓይናቸውን ነበር፤ እነሱ ደግሞ እኛን ቢነኩ ይረክሱ ነበር። ስንት ዘመን በአንድ ወንዝ እየጠጣን፣ ጣታችን ሳይነካካ ኖርን።

ከሄዱ በኋላ መንደሩ ፈረሰ። ደንጊያውን ሰው እየወሰደ ቤቱን ሠራበት። ኮረብታዋን ግን የነካት አልነበረም። አንዳንዱ ፈርቷት ነው፤ አንዳንዱ አባቴን አፍሮ። አባቴ ከብት ወደዚያ እንዳይነዳ በየጊዜው ይናገሩ ነበር።

አንድ ቀን ከመንደሩ የሄዱት ቄስ እንደሚመጡ ወሬ ደረሰን። የደባርቅ አስጎብኚዎች ናቸው የነገሩን፤ ሸምግለዋል፣ ሳይሞቱ የአባቶቻቸውን መቃብር ማየት ይፈልጋሉ ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ምግባቸውን ትተው ተነሡ። ሁለቱ ቄሶች ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ፣ አንዱ ከወንዙ ወዲህ ሌላው ከወንዙ ማዶ ሆነው እየተጣሩ ያደጉ ነበሩ።

«በክብር ነው የምንቀበላቸው» አሉ።

«ማንን?» አለች እናቴ። «ቄስ ነው ብለው ነው አንቱ?»

«ለሰዎቹ ቄሳቸው ናቸው።»

«በኋላ ሰው እንዳያወራብዎ።»

አባቴ ሃይማኖታቸው የጠና ሰው ነበሩ። የነዚያ ሰዎች ሃይማኖት ትክክል ነው ብለው አንድ ቀን እንኳ አላሰቡም፤ ክርስቶስን ያልተቀበለ ሁሉ ጎድሎበታል ነበር የሚሉት። እንግዳን መቀበል ግን ለሳቸው ሌላ ነገር ነበር።

እንግዶቹ ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ መንገድ አይሄዱም፤ የመጡት እሑድ ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ደረሱ። ሽማግሌው ቄስ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው በበቅሎ ተቀምጠዋል። ሴት ልጃቸውና ጥቂት ዘመዶቻቸው በእግር ይከተሏቸዋል። ልጃቸው በኔ ዕድሜ የምትሆን ናት፤ አማርኛዋ እንደ ገጠር ባልቴት አማርኛ ረጋ ያለ ነበር፤ ከእናት ከአባቷ ሌላ በአማርኛ የሚያናግራት አልነበረምና።

አባቴ ጥላ አስይዘው፣ የእጅ መስቀላቸውን እንደያዙ ከቅጽሩ በር ወጡ። ሽማግሌው ከበቅሎ ወረዱ። አባቴ እጃቸው ስለለመደ መስቀሉን ከፍ አደረጉት፤ እንግዳው ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አደረጉ። አባቴ ወዲያው ገባቸውና መስቀሉን ዝቅ አደረጉ። ሕዝቡ ግን አይቷል።

«አለህ?» አሉ አባቴ፤ ደግሞ አፍረው አረሙት። «አሉ?»

«አለሁ። አንቱስ እንደምን ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ተጨባበጡ። አንዱም እጁን አልለቀቀም።

«ድሮ ቢሆን» አሉ እንግዳው፣ «ይህን እጅ ከነካሁ በኋላ ወንዝ ወርጄ መታጠቤ ነበር።»

«ድሮ ቢሆን እኔስ መቼ እሰጥዎ ነበር!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። ከኋላቸው የቆመው ሕዝብ አልሳቀም።

አባቴ እንግዶቹ ግቢ ገብተው ከጥዱ ሥር እንዲያርፉ አስነጥፈው ነበር። «ይግቡ» አሏቸው።

ሽማግሌው በሩን አዩትና ባሉበት ቆሙ። «ከዚህ ልቁም» አሉ ቀስ ብለው። «ቅጽሩን አላልፍም።»

«ቤተ መቅደሱን አይደለም ያልሁዎ። ግቢው ነው፤ ጥላ ነው።»

«አውቃለሁ። ሕጌ አይፈቅድልኝም። ንቄ እንዳልሆነ ለአገሬው ይንገሩልኝ። ቤታችሁ ቤታችሁ ነው፤ እኔ ግን ከገባሁ እሳሳታለሁ።»

አባቴ ዞረው ለሕዝቡ ነገሩ። ከመካከል አንድ ሽማግሌ ጮክ ብሎ፣ «ርኩሳን ናችሁ ማለቱ ነው» አለ። የደብሩ ዲያቆን፣ ጎልማሳ ገበሬ፣ የልጆች አባት፣ ከአባቴ አጠገብ ቆሞ ነበር። «አባታችን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በራችን ላይ ተሳደበ እኮ።» አባቴ በዓይናቸው ዝም አሰኙት፤ የተነጠፈው ተነሣና ከቅጽሩ ውጭ ካለው ግራር ሥር ተነጠፈ። ከሽማግሌው በቀር እንግዶቹ ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ከያዙት ውኃ ጠጡ፤ የኛን አልቀመሱም። ያም ታየ።

ከዚያ ወደ ኮረብታዋ ተወጣ። ሰው ሁሉ ተከተለ። እኔም ከልጃቸው ጋር ወደኋላ ቀርቼ እሄዳለሁ። «አባቴ ከመጣን ጀምሮ እህል አልበላም» አለችኝ። «እናቱ ናት እዚያ ያለችው።» መነኮሳቱና ቄሶቹ ብቻ መስለውኝ ነበር። «እሷ ከካቡ ጥግ ናት» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ካቡ አጠገብ ስንደርስ ሽማግሌው ጫማቸውን አወለቁ። አባቴም አወለቁ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋቸውና በለሆሳስ ተናገሩ፤ ቅርብ ስለነበርሁ ሰማሁት።

«አንድ ነገር ልለምንዎ። እናቴ እዚህ ናት። ይህን ይዘው አይግቡባት።»

አባቴ የያዙትን መስቀል አዩት። እኔ እስከማውቀው ድረስ ያን መስቀል ከእጃቸው አውጥተው አያውቁም፤ ሲተኙም ከራስጌያቸው ነው። የክረምቱ ደመና ከስሜን ተራሮች ወርዶ ገደሉን እየሞላ ነበር፤ ብርዱ ይጋረፋል።

አባቴ ዞረው መስቀሉን ለዲያቆኑ ሰጡት። ዲያቆኑ በነጠላው ጫፍ ተቀበለ። አባቴ ባዶ እጃቸውን፣ ባዶ እግራቸውን ከካቡ ገቡ።

ሽማግሌው መጸለይ ጀመሩ። የሚጸልዩት በግዕዝ ነበር። ያን ጊዜ ነው የሆነ ነገር ልቤን የመታኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከመጋረጃ ማዶ የምሰማው ቋንቋ ነው። ዳዊት ነበር የሚደግሙት። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ ቃሉን ያውቁታልና ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሽማግሌው ከካቡ ጥግ ካለች ዝቅተኛ የደንጊያ ክምር ሥር ተንበርክከው እንደ ሕፃን አለቀሱ። አባቴ ትከሻቸውን ደግፈው አነሷቸው።

ከኋላዬ ያሉ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። ምንም አልመሰለኝም። አሁን ሰው የማይቀርጸው ምን አለ?

እንግዶቹ በዚያው ዕለት ወደ ጎንደር ሄዱ። በሳምንቱ ደባርቅ ትምህርት ቤት፣ በእረፍት ሰዓት አንድ መምህር ስልኩን እያየ ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ ስልኩን አየ። «ይሄ አባትሽ አይደሉም?» አለኝ። ቪዲዮው አጭር ነበር። አባቴ መስቀሉን ሲሰጡ፣ ጫማ አውልቀው ሲገቡ፣ አንገታቸውን ሲደፉ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያሳያል። ሽማግሌው ሲያለቅሱ የለበትም። «መስቀሉን ጥሎ ከአይሁድ ጋር የሰገደው ቄስ» የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩ የተጻፈውን አንብቤ አልጨረስሁትም። በዶላር ተገዛ የሚል አለ፤ ድሮም ዘሩ ይጣራ የሚል አለ። አንዳንዶቹን ስማቸውን አይቼ አወቅኋቸው፤ አባቴ ክርስትና ያነሷቸው ልጆች ናቸው።

ቅዳሜ ስወርድ አባቴ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ቪዲዮ ምን እንደሆነ በደንብ አያውቁም። «ሰዎች ምን ሆነዋል?» አሉኝ። «ሰላምታ ስሰጣቸው መስቀሉን አይሳለሙም።» የንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ መቅረት ጀምረው ነበር። አንዷ ብቻ መጥታ፣ እያለቀሰች፣ ባሏ ሌላ የንስሐ አባት እንድትይዝ እንዳዘዛት ነግራቸዋለች።

ደባርቅ ካለው ቤተ ክህነት ተጠሩ። እኔ ነኝ ይዣቸው የሄድሁ። የጠየቃቸው ሰው ከሳቸው በዕድሜ የሚያንስ መሪጌታ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይም ከታችም ስልክ እየተደወለ መከራውን ያየ ሰው ነው።

«አባ፣ መስቀሉን ለምን ለቀቁ?»

«አልለቀቅሁም። ዲያቆኑን አስያዝሁት።»

«ለምን?»

«የሰው ቤት ነው። ባለቤቱ ይዘህ አትግባ አለኝ።»

«እሱስ ከኛ ቅጽር አልገባም ብሏል አሉ።»

«አልገባም አለ። አልገፋሁትም።»

«ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል አባ። ምን እያሉ ነበር?»

«ዳዊት ነበር። ዳዊት ሲደገም ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም፤ አንተም አትችልም።»

መሪጌታው ነገሩ እስኪበርድ ከቅዳሴ እንዲቆዩ፣ ቀኖና ተቀብለው በሕዝቡ ፊት ተሳስቻለሁ ካሉ እንደሚመለሱ ነገራቸው። አባቴ እሺ ብለው ወጡ።

እሺ ያሉትን ፈጸሙ። አንድ እሑድ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ቆመው፣ «መስቀሌን ከእጄ አውጥቼ በሰው እጅ ስለሰጠሁ ይቅር በሉኝ» አሉ። ሰው ተንሾካሾከ፤ አንዳንዱ «ይፍታዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ቢያበቁ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ስለ ጸሎቱ ይቅርታ አልጠይቅም። ያ ዳዊት ነው። ስለ ሰዎቹ መቃብርም አልጠይቅም፤ የሰው መቃብር ነው።» ይፍታዎ ያለ አልነበረም።

እናቴ ያን ዕለት እቤት ስንገባ ነጠላዋን ከራሷ ጎትታ ወረወረችው። «ግማሹን ተናግረው ግማሹን ቢውጡት ምን ነበር? ለማን ብለው ነው? ለሱ? እሱ አገሩ ገብቶ ተኝቷል!»

«ለሱ አይደለም» አሉ አባቴ።

«ታዲያ ለማን?»

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አላናገረቻቸውም፤ ምግባቸውን ታቀርባለች፣ እግራቸውን ታጥባለች፣ አትናገራቸውም።

በዓመቱ ገብሱ ሊታጨድ ሲቃረብ በረዶ ወረደ። የኛን ሰፈር ብቻ ለይቶ ነው የመታው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ማሳ እንዳለ ቆሟል። ይህ ሁሌም የሚሆን ነገር ነው፤ በረዶ እንዲህ ነው የሚወርደው። ያን ጊዜ ግን ሰው ምክንያቱን ከኮረብታዋ ፈለገው። ሰዎቹ መጥተው አፈር ወስደዋል፣ የሆነ ነገር ቀብረው ሄደዋል ተባለ። ከቅዳሴ በኋላ ጎልማሶች ዶማና ድጅኖ ይዘው ወጡ። የተቀበረውን ሊያወጡ ነው። ካቡን አፈረሱት፤ ደንጊያዎቹን ወደ ገደል አንከባለሏቸው፤ ቆፈሩ። ያገኙትን እነሱ ያውቃሉ። እኛ ቤት ድረስ የደንጊያው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አባቴ ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ፣ ሳይነሡ እስኪያልቅ ሰሙት። በማግስቱ መሪጌታው ዘንድ ደባርቅ ወጡ። ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ውጭ ነው፣ ለቀበሌው ይንገሩ ተባሉ። ቀበሌው ነገሩ የሃይማኖት ነው አላቸው።

ከክረምቱ በኋላ ከተቆፈረው ቦታ ውኃ መፍለቅ ጀመረ። የተቆፈረ ኮረብታ ውኃ ይወጣዋል። አንዲት ታማሚ ሴት ግን ጠበል ነው የሚል ሕልም አየሁ አለች፤ ከጠጣችም በኋላ ተነሥታ ሄደች። ይህንስ ዓይኔ አይቷል፤ በቃሬዛ ወጥታ በእግሯ ወረደች። ዲያቆኑ በዚያው ዓመት ቅስና ተቀብሎ በአባቴ ምትክ ይቀድስ ነበር። ኮረብታዋ ላይ መስቀል ተተከለ፤ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ ሳይቀር ሰው ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ መጉረፍ ጀመረ። ቆይቶ ቤተ ክርስቲያን ይሠራበታል ተባለና ቆርቆሮ መጣ።

መሠረቱ የሚጣልበት ቀን ቅዳሜ ነበር። እኔ ከመገንጠያው ወርጄ ሳልደርስ ነው አባቴ የወጡት። እናቴ ለመነቻቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ የተናገረቻቸው ያን ቀን ነው፤ «አይሂዱ አንቱ፣ በሞቴ» አለቻቸው። በትራቸውን ይዘው ሄዱ። እዚያ የነበሩ ሰዎች በኋላ እንደነገሩኝ፣ ለመሠረቱ ከተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ቆመው፣ «እዚህ ሰው አለ፤ ሰው ላይ ታቦት አይገባም። ከፈለጋችሁ ከወንዙ ወዲህ የኔን መሬት ውሰዱ» ብለዋል። አንዳንዱ ሰደባቸው፤ አንዳንዱ አፈረ። ዲያቆኑ የነበረው ቄስ «አባታችን፣ ይውረዱ፣ ይውረዱ» እያለ ይለምናቸው ነበር። ግፊያ ሆነ። እኔ ስደርስ አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው፤ ሰዎች ሊያወጧቸው እየታገሉ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጮኼ ተንደረደርሁ።

«ማን ነው?» አልሁ። «ማን ነው የገፋቸው?»

ሁሉም የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ። እነዚሁ ሰዎች ናቸው በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ድረስ ያወጧቸው። እየተፈራረቁ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ዳገቱን ሳያርፉ ወጡት። አንዱ ነጠላውን አውልቆ አለበሳቸው።

የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ደባርቅ ሆስፒታል ቆየን፤ ጎንደርም ወሰድኋቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷልና ተስፋ እንደሌለው በዘዴ ተነገረኝና ደባርቅ የተከራየሁት ቤት አስተኛኋቸው። ማን እንደገፋቸው ደጋግሜ ጠየቅኋቸው።

«ወደቅሁ» ይሉኛል። «አፈሩ ርጥብ ነበር።»

አንድ ከሰዓት ትራሳቸውን ሳስተካክል በራሳቸው ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

«የእንግዳዬ፣ የዚያ ቄስ እናት እንዴት እንደሞተች ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሸክላ ሠሪ ነበረች። የጎረቤታችን ሕፃን ሞተ። በላችው አሉ። ጎትተው አምጥተው እንድትለፈልፍ መቷት። አባቴ፣ ያንቺ አያት፣ የደብሩ ቄስ ነበሩ። ተዉ ይላሉ ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። እሳቸው መስቀሉን ግንባሯ ላይ ያዙት። ‹ልቀቅ፣ ውጣ› ይላሉ። ሰዎቹ ይመታሉ። እስክትሞት ድረስ መስቀሉን አላነሡም።» ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። «ልጇ ማዶ ሆኖ ያያል። እኔ ወዲህ ሆኜ አያለሁ። መስቀሉን የወረስሁት ከአባቴ ነው፤ ያው ነው።»

እጃቸውን ያዝሁ። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

«ለእናቴ ይንገሯት» አልሁ።

«ታውቃለች» አሉ። «መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የረሳ ማን አለ?»

ሳይቆዩ ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዘን ወረድን። እገዳቸው ስላልተነሣ እንደ ካህን ሊቀበሩ አይችሉም ተባለ። ከቤተ መቅደሱ አጠገብ፣ አያቴና ሌሎቹ ካህናት ካሉበት ሳይሆን፣ በምዕራብ በኩል ከበሩ አጠገብ፣ እንደ ምእመን ተቀበሩ። ፍትሐቱን ያደረሰው ያ ዲያቆን የነበረው ቄስ ነው። መጽሐፉን እያነበበ እንባው ይወርድ ነበር፤ ድምፁ ተቆርጦ ሌላ ካህን ቀጠለለት። አመንሁት፤ እንባው እውነት ነበር። ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። እናቴ አፈሩ ሲገባ ተነሥታ፣ «ከበር ጣላችሁት! ዕድሜውን ሙሉ የከፈተላችሁን በር ይጠብቅላችሁ?» ብላ ጮኸች። ሴቶች አቅፈው አስቀመጧት። ባሏን ያለ አንቱታ ስትጠራ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ኮረብታዋ ላይ የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን አለ። እናቴን ደባርቅ አመጣኋት። ጉልበቷን ያማታል፤ ባለፈው ዓመት አንዲት የድሮ ጎረቤታችን በደግነት ከዚያ ጠበል አንድ ጀሪካን ሞልታ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማ መጣች። እናቴ ደጅ ድረስ ወጥታ አየችው።

«መልሺው» አለቻት።

«ኧረ እመት፣ ስንቱ ድኖበታል!»

«ይድንበት። እኔ ከሥሩ ማን እንዳለ አውቃለሁ።»

ሴትዮዋ ተቀይማ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እናቴ ዛሬም ስለ ዓይናቸው የምታምነውን ታምናለች፤ አልተለወጠችም። ውኃውን ግን አልጠጣችም።

የሽማግሌው ልጅ ስልክ ቁጥሬን ይዛ ነበርና በየበዓሉ እንደዋወላለን። መንገዱ በጦርነቱ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቆየና እንደገና ስንገናኝ አባቴ እንዳረፉ ነገርኋት። በነጋታው በምስል ደወለችልኝ። አባቷ ከወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል፤ በጣም ከስተዋል።

«እንደምን አለሽ ልጄ? አባትሽን እግዚአብሔር ይማር» አሉኝ።

«ይማርልን አባቴ።»

«ምን አገኛቸው?»

ከጎን የቆመችውን የልጃቸውን ዓይን አየሁት፤ አትንገሪው የሚል ነበር። እሳቸው ግን መልሴን እየጠበቁ ነው። ሌላ ሰው ሌላ ዓይነት አድርጎ ከሚነግራቸው ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ካቡን፣ ውኃውን፣ ጉድጓዱን። ሲሰሙ ፊታቸው አልተለዋወጠም።

«እናቴስ?» አሉ መጨረሻ ላይ። «የጥጓስ?»

«እሷም የለችም። ቆፍረውታል።»

ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ውኃው ሰው ይፈውሳል ነው ያልሽኝ?»

«ተፈወስን ይላሉ። አንዲቷን እኔም አይቻለሁ።»

«እንግዲህ ይፈውሳቸው» አሉ። ይህን ሲሉ ምርቃት ይሁን እርግማን፣ ወይ ድካም ብቻ፣ አልለየሁትም። ከዚያ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። በልግ ዘግይቶ እንደገባ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ማሳውን እንዳስቸገሩ ነገርኋቸው። እሳቸውም በዘመናቸው ጭላዳ እንዴት ይከላከሉ እንደነበር ሲያስረዱኝ ደከማቸው፤ ልጃቸው ስልኩን ተቀብላ፣ «ይተኛ» አለችኝና ተሰነባበትን።